ካሶንዴ ጉዞ የሌለበት ሥራ ስትመርጥ

ካሶንዴን የማያውቅ ሰው ሉሳካ፣ ቺሌንጄ ሰፈር ውስጥ ካገኛችሁ፣ ያ ሰው ትናንት የመጣ ነው። ረጅም ናት፤ ስትስቅ ሦስተኛው ግቢ ድረስ ይሰማል፤ ሥራዋ ደግሞ የውሃ አማካሪነት ነው። የአንዱ ከተማ ቧንቧ ለምን እንደሚያፈስ፣ የሌላው ወረዳ ጉድጓድ ለምን እንደነጠፈ ሄዳ ታያለች፣ ትለካለች፤ ከዚያ ምን ማድረግ እንደሚሻል ለከፈሏት ሰዎች ጽፋ ትሰጣለች። “ያልሽውን ያደርጉታል ወይ?” ብላችሁ ብትጠይቋት፣ “እሱን የሚመክር ሌላ ሰው ይቅጠሩ” ትላለች።

መቼም ውሃ የሚቸግረው ሉሳካ ውስጥ ብቻ አይደለም። ሶልዌዚ አለ፣ ማንሳ አለ፣ ሞንጉ አለ። ባለጎማ ሻንጣዋ ከበሩ ጀርባ ቆሞ እንደ ቤተሰብ ይቆጠር ነበር። ልጇ ንታንዳ ገና ድክ ድክ በምትልበት ጊዜ “እናትሽ አለች?” ሲሏት፣ ከበሩ ጀርባ ሄዳ ታይና “ሻንጣው የለም” ብላ ትመልስ ነበር አሉ። ይህን የምታወራው ራሷ ካሶንዴ ናት፤ ያውም እየሳቀች። መንገድ ትወዳለች። ከማንሳ ደረቅ ዓሣ፣ ከሞንጉ ሩዝ፣ ከሶልዌዚ ማር ሳትይዝ ስለማትመለስ፣ እኛም ጎረቤቶቿ መንገዷን እንወድላት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው እናቷ እማማ ካሉባ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከካሳማ ከመጡ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ አጥንቱን በብረት ገጥሞ ሰደዳቸው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ሳይሆን ጉልበት ነበር፤ በየቀኑ ከአልጋ አንስቶ ማቆም፣ ደግፎ ማራመድ፣ በሳምንት በሳምንት ለፊዚዮቴራፒ ማምጣት። “ይህ ካልተደረገ እንደተኙ ይቀራሉ” አለ፣ ሳያለሳልስ።

እሺ፣ ማን ያንሳቸው? ንታንዳ አድጋ ካብዌ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሠራተኛ ተቀጥራ ነበር፤ እማማ ካሉባ የመጀመሪያዋን በሁለት ቀን፣ ሁለተኛዋን ከምሳ በፊት አባረዋታል። ቤት ውስጥ የቀረው የካሶንዴ ባል ቺሌሼ ነው። ቺሌሼ ፖስታ ቤት የሚሠራ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ ሰው ነው፤ እማማ ካሉባን በአንድ እጁ ያነሳቸዋል። ግን አማች ነው።

ነገዳቸው ቤምባ ነው፤ ቤምባ ዘንድ አማች ከሚስቱ እናት ጋር እንደልቡ አይሆንም። ለቺሌሼ አማቱን ፊት ለፊት ማየት የሚፈቅደው ሥርዓት ሁሉ ተፈጽሞለታል፤ ከሩቅ ሰላም ይላቸዋል፣ ሲያያቸው ከወንበሩ ይነሳል። መኝታ ክፍላቸው ገብቶ አቅፎ ማንሳትን ግን ቺሌሼ ቢሞት አያደርገውም። እማማ ካሉባም ቢሞቱ አይፈቅዱለትም።

ካሶንዴ ሶልዌዚ በሄደችበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በተራ እየመጡ ያነሷቸው ነበር። መልካም ዝግጅት ነው፤ ያልታሰበው እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የቺሌሼ ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ።

“የሶስና እናት! ኧረ የሶስና እናት ድረሺልኝ!”

ሮጬ ስገባ ቺሌሼ ኮሪደሩ ውስጥ ጀርባውን ለመኝታ ቤቱ በር ሰጥቶ፣ ግድግዳውን እያየ ቆሟል። ላብ አጥምቆታል። አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በበሩ ክፍተት ትራስ ያቀብላል።

“ወደቁ እንዴ? ተጎዱ?” አልኩት።

“እኔ ምኑን አውቄ! አላየሁም!”

ከውስጥ የእማማ ካሉባ ድምፅ መጣ። “ያንን ሰውዬ ትራሱን ይዞ እንዲሄድ ንገሩልኝ። የወደቅሁት እኔ፣ የሚያለቅሰው እሱ!”

“አላለቀስኩም በይልኝ” አለ ቺሌሼ፣ ለግድግዳው።

ገብቼ አነሳኋቸው። አልጋውና ወንበሩ መካከል ተንሸራተው ተቀምጠው ነው እንጂ ብረቱ አልተነካም። ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙትን ጨርቅ፣ ቺቴንጌያቸውን፣ አስተካከልኩና አልጋው ላይ አጋደምኳቸው። ካሶንዴ በማግስቱ ስትመጣ ሻንጣዋን ከበሩ ጀርባ አላቆመችውም፤ መሃል ቤት ጥላው ተቀመጠች።

ምርጫው ግልጽ ነበር። መንገዱ ከቀጠለ እማማ ካሉባ ካሳማ አጠገብ ወዳለው የካሶንዴ ወንድም እርሻ ይሄዳሉ። እዚያ የወንድሟ ሚስት ጠንካራ ናት፣ ታነሳቸዋለች፤ ፊዚዮቴራፒ የሚባል ነገር ግን በአቅራቢያው የለም። እንደተኙ ይቀራሉ ማለት ነው። እቤት እንዲቆዩ ከተፈለገ ካሶንዴ ማታ ማታ ቤቷ የምትገባበት ሥራ ማግኘት አለባት።

ፈለገች። ስሟ በሙያው የታወቀ ስለሆነ ሁለት ቦታ ጠሯት።

የመጀመሪያው ከካይሮ ሮድ ጀርባ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች ትንሽ ቢሮ ናት። ባለቤቱ አቶ ሻዋ የቺፓታ ሰው፣ በነገዱ ንጎኒ ነው። ካሶንዴ ከዚያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ወጥ ቤት መጥታ፣ አንዴ እሱን አንዴ ራሷን እየሆነች ቃለ መጠይቁን አሳየችኝ።

ወረቀቷን አንሥቶ ስሟን አነበበ፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ጮኸ። “ኧረ ጉድ! ቤምባ ናት! ማነው በሩን የከፈተላት? ቦርሳሽን ደብቂ!”

“አንተም ንጎኒ መሆንህን ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ” አለችው። “ደረጃው ድረስ የተጠበሰ አይጥ ይሸታል።”

“ምሳዬ ነው። ጅራቱን አስቀርቼልሻለሁ።”

“ለእናትህ አስቀርላት፤ እሷ ናት ያስለመደችህ።”

ይህንን የሰማ እንግዳ ፖሊስ ይጠራል። ግን ቤምባና ንጎኒ እንዲህ ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው በጦር ተዋግተው ተዋግተው ሲደክማቸው፣ ልጆቻቸው በአፍ እንዲቀጥሉት የተስማሙ ይመስላል። ተላካፊ ናቸው። ስድቡ መብት ነው፤ የሚቀየም ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው። ንጎኒው አይጥ ይበላል ይባላል፣ ቤምባው ጦጣ፤ ገበያ ላይ፣ ባንክ ውስጥ፣ ፓርላማም ቢሆን ሲገናኙ መጀመሪያ ይህንን ይጨርሳሉ።

ካሶንዴ ሳቋን ጨርሳ ወደ ጉዳይዋ ገባች። “ሥራው ጉዞ አለው ወይ?”

“ጉዞ?” አለ ሻዋ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ። “ቤምባን ማን መንገድ ይልካል? ሙቺንጋ ተራራ ላይ የተረፉትን ጦጣዎች ልትጨርሺያቸው? እዚህች ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ሥር እስክታበቅይ ድረስ። ከዚህ ደረጃ የምትወርጂው ለምሳ ብቻ ነው። መኪናዬን ለምን የሸጥኩት ይመስልሻል? ቤምባ እንዳይነዳው ነው!”

ካሶንዴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋን በቺቴንጌዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። “እንግዲህ አየሽው? አንዲት እውነት አልወጣችውም። ንጎኒ ‘አትሄጂም’ ካለኝ ትሄጂያለሽ ማለቱ ነው። ‘መኪና የለኝም’ ካለ ግቢው ሙሉ መኪና ነው።”

“ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ?”

“ለእኔ? ንጎኒ? አንቺ ስንት ዓመት እዚህ ኖረሽ!”

ሁለተኛው ቦታ በግሬት ኢስት ሮድ ላይ ያለ ባለመስታወት ሕንፃ ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ናሉኩዊ ሎዚ ናት። የሎዚ ተላካፊ ቶንጋ ነው፤ ከቤምባ ጋር ሂሳብ የላትም። ስለዚህ ስድብ የለም፣ አይጥ የለም። ውሃ በብርጭቆ ቀረበ።

“ጉዞ ይኖረዋል ወይ?” አለች ካሶንዴ።

“በጣም ጥቂት” አለች ወይዘሮ ናሉኩዊ።

ፈገግ እንኳ አላለችም። ካሶንዴ እፎይ አለች፤ ሳይስቁ የተናገሩት ነገር እንዴት ደስ ይላል! ደመወዙም ከሻዋ ይበልጥ ነበር። ያንን መረጠች።

ለሻዋ ደወለችለት። ለተላካፊ “አዝናለሁ፣ ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ” ማለት ነውር ባይሆንም ይቀፋል፤ እንደ ባዳ መቁጠር ነው። ስለዚህ በደንቡ ነገረችው። “አንተ ንጎኒ፣ አይጥ በሚጠበስበት ቢሮ አልቀመጥም። ወንበርህን ለዘመዶችህ ስጣቸው።”

ሻዋ ስልኩ ውስጥ ሳቀ። “ሰኞ ጦጣሽን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ወንበሩ አንድ ነው!” ብሎ ዘጋው።

ካሶንዴ ለእኔ፣ “ጨዋ ሰው ነው፣ ሳይቀየም ተለያየን” አለችኝ።

ሰኞ በባለመስታወቱ ሕንፃ ሥራ ጀመረች። ረቡዕ ወይዘሮ ናሉኩዊ የዓመቱን ዕቅድ አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ማንሳ፣ ለሦስት ሳምንት። ከዚያ ትንሽ ሉሳካ። ከዚያ ሞንጉ፣ የክረምቱ ጎርፍ ከሜዳው እስኪሸሽ።

“ጥቂት ነው ብለውኝ ነበር እኮ” አለች ካሶንዴ።

“ጥቂት ነው” አለች ወይዘሮ ናሉኩዊ፣ ከልቧ ተገርማ። “ከርስዎ በፊት የነበረው ሰው ቤቱን የሚያየው ለገና ነበር።”

አልዋሸችም። ማንም አልዋሸም፤ ያ ነው ነገሩን የከፋ ያደረገው።

ካሶንዴ ያን ቀን እቤቷ ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው። እማማ ካሉባ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ለውዝ ይፈለፍሉ ነበር። የብረት መደገፊያቸውን ይዘው ከአልጋ እስከ መስኮት መሄድ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነበር።

“ካሳማ ስደጂኝ” አሉ። “ሉሳካ አልተወለድኩም።”

“እዚያ ማን ያራምድሻል፣ እማ?”

“መራመድ ምን ያደርግልኛል? የምፈልገውን ሁሉ አይቻለሁ።” ለውዙን ወደ ሳህኑ ጣሉ። “መስኮቱ ግን ጥሩ ነበር።”

ካሶንዴ ወጥታ ወጥ ቤት ቆመች። ቺሌሼ ኮሪደር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። “እኔ ባነሳቸው…” ብሎ ጀመረ፣ ራሱም አልጨረሰው። ለወንድሟ ደወሉለት። የካሳማ አውቶቡስ ለሚቀጥለው ሳምንት እንዲያዝ ተነጋገሩ፤ ሁለት ወንበር፣ እግራቸውን እንዲዘረጉ።

ቅዳሜ ቀብር ነበር። ከመንገዳችን ጫፍ የሚኖሩት ሽማግሌው ካባሶ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለከተማው ውሃ ሥራ ያገለገሉ ቤምባ፣ አርፈው ነው። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ሳጥኑ አይወርድም። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ባለባርኔጣ ሰው እግሩን ወደ ውስጥ አንጠልጥሎ ተቀምጧል።

“ኪራይ ሳይከፈል ማንም አይገባም!” ይላል። “ይሄ ቤምባ ከተማውን ሙሉ ሲያጠጣ ኖሮ እኔን አለቃዬ ሆኖ በጥም ገደለኝ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን አርጥቡ!”

ሻዋ ነው። ድሮ በካባሶ ሥር ሠርቷል፤ የቀብር ቀን ደግሞ በወጉ የተላካፊ ቀን ነው፤ ኀዘንተኛውን ማሳቅ የእሱ ድርሻ ነው። ባልቴቲቱ እያለቀሱ ሳቁ፣ እየሳቁ አለቀሱ። አንዱ ልጅ ቀዝቃዛ ፋንታ አመጣለት፣ ሌላው አንድ የክዋቻ ኖት በባርኔጣው ውስጥ ጣለለት፤ ያኔ ተነሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሳጥኑን ከፊት ተሸክሞ አወረደ። ከሁሉም በላይ አፈር የመለሰው እሱ ነው።

ስንመለስ ካሶንዴን አያት።

“አንቺ ሌባ! ሰኞ ሙሉ ቀን ስጠብቅሽ ዋልኩ። ማክሰኞም። ጠረጴዛሽ ላይ አቧራ አለ። ቤምባ ሲቀጠር እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይቀራል፣ በሁለተኛው ደመወዝ ይጠይቃል!”

“አይጦችህ አላጫወቱህም?” አለችው ካሶንዴ፣ ግን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

እሱ አፉን ሊከፍት ሲል አንድ ነገር በጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለ። እኔ ቤምባ አይደለሁ፣ ንጎኒ አይደለሁ። ባሌ ቺሌንጄ ጋራዥ ከከፈተ ጀምሮ እዚህ ኖሬያለሁ፣ የማንም ተላካፊ ግን ሆኜ አላውቅም። በእኔና በዚህ ሰው መካከል ቀልድ የሚባል ነገር የለም።

“አቶ ሻዋ፣” አልኩት፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት?”

ሻዋ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ ሁሉ ተለወጠ፤ ሌላ ሰው ወጣ። “ይጠይቁ እሜቴ።”

“እርስዎ ቢሮ የሚሠራ ሰው ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል?”

“አይሄድም። በየክፍለ ሀገሩ የሚለኩልን ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩን ይልካሉ። እኛ ቁጭ ብለን እንመረምራለን፣ እንጽፋለን።”

“መኪናውስ?”

“ሸጥኩት። ቆሞ ጎማው ይበላሽ ነበር።”

“ካሶንዴ እኮ ሥራውን አልፈልግም ብላዎት ነበር።”

“መቼ?” አለ ሻዋ።

“በስልክ። አይጥ በሚጠበስበት ቢሮ አልቀመጥም ብላ።”

ወደ ካሶንዴ ዞረ፣ ከዚያ መልሶ ወደ እኔ። “እሱ… እሱ የምር ነበር?”

“እርስዎስ ጉዞ የለውም ያሏት የምር ነበር?”

“በደንብ አድርጌ ነው የነገርኳት!”

“በቀልድ ነው የነገሯት።”

“ታዲያ ለቤምባ በሌላ በምን ይነገራል?” አለ ሻዋ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ካሶንዴ መንገዱ መሃል ቆማ መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቀጥሎ ሳቋ መጣ። ከቀብር የሚመለሰው ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ሻዋም ተቀላቀላት። እኔ ብቻ በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ቆሜያለሁ።

“ወንበሩ አለ?” አለችው በመጨረሻ።

ሻዋ ለእሷ አልመለሰም። ለእኔ ነው የመለሰው፣ በጨዋ ፊት፤ “አለ በሉልኝ። ደመወዙ እዚያ ከሚከፍሏት ያንሳል በሉልኝ። ሰኞ በጊዜ ትምጣ በሉልኝ።” ከዚያ ባርኔጣውን ደፋና ወደ ራሱ ተመለሰ። “እና ለቀረሽባቸው ቀናት ካሳ አንድ ዶሮ! በሕይወት ያለ! ቤምባ ያላነከተው!”

ሰኞ ጠዋት ካሶንዴ መጀመሪያ ወደ ባለመስታወቱ ሕንፃ ሄደች። ወይዘሮ ናሉኩዊ ምክንያቱን ጠየቀቻት።

“እናቴን ከአልጋ የሚያነሳት ሰው የለም” አለች ካሶንዴ። “ባሌ ደግሞ ሊነካት አይችልም።”

ወይዘሮ ናሉኩዊ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። “የኔም ባል አይችልም” አለች። “እኔ እናቴን ሞንጉ፣ ወደ ዘመድ ላክኋት።” ከዚያ የማንሳውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችና፣ “መልካም ቀን ይሁንልዎት” አለቻት። ካሶንዴ ስለዚህ ስትናገር አትስቅም።

ዶሮውን ቺሌሼ ገዛ። ያውም የገበያውን ትልቁን ቀይ አውራ ዶሮ፤ በብብቱ ይዞት የሻዋን ቢሮ ደረጃ ራሱ ወጣ። የአውቶቡሱ ወንበር ተሰረዘ፣ ለካሳማው ወንድም ተደወለለት። እሱም “እኔ እኮ ክፍል አስለስኜላታለሁ” ብሎ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን አለፈ።

ካሶንዴ አሁን በየቀኑ ማታ ሳይመሽ ትገባለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እናቷን ታነሳለች፣ ኮሪደሩን ደግፋ ታመላልሳቸዋለች፤ ከሥራ ስትመለስ ይደግሙታል። መንገዱ አልናፈቀሽም ወይ ስላት፣ “ቁጥሩ ሲመጣልኝ ከተማውን አየዋለሁ፤ ማንሳ ላይ አሁንም ያቺው ቧንቧ ናት የምታፈሰው” አለችኝ። ደረቅ ዓሣ ግን እንደሌሎቻችን ከገበያ ነው የምትገዛው፣ በዋጋውም ትማረራለች። እማማ ካሉባ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ የግቢውን በር፣ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ የእኔን ቤት ደረሱበት። መደገፊያቸውን እያንኳኩ ብቻቸውን መጥተው በረንዳዬ ላይ ሲቀመጡ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሳቸው ውሃ ነው የጠየቁት።

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ መጡ። ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ አሉኝ።

“የሶስና እናት፣ ያንን ንጎኒ ታውቂዋለሽ አይደል?”

“አውቀዋለሁ።”

“ላንቺ ደህና አድርጎ ይመልስልሻል አሉ።”

“አዎ እማማ፣ ምነው?”

“ይህች ልጅ” አሉ፣ ወደ ቤታቸው በአገጫቸው እያመለከቱ፣ “ጠዋት እሷ፣ ማታ እሷ! ጨው ሐኪም ከልክሏል፣ ወጡ ውሃ ውሃ ይላል። ሱረቴን ደብቃብኛለች። ትናንት ለንሺማ ገንፎዬ ስቀመጥ እጅሽን ታጠቢያለሽ ወይ አለችኝ፤ እኔን! በድሮ ጊዜ ትሄድ ነበር፣ ሰው ይተነፍስ ነበር።” መደገፊያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉት። “አንዲት ቀን ብቻ። ካፉዌ ቅርብ ነው፣ ውሃም አለው። አንድ ቀን ካፉዌ ላካት በይው።”

እሺ አልኳቸው። እስካሁን ግን አልነገርኩትም።